ትልቅ ፔርዲታ አለ

ይህን ታሪክ አሳጥሬ ስነግረው ሰው ሁሉ ይስቃል። ስቀው ሲጨርሱ «ወንድምሽስ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ያኔ ያሳጠርኩት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ሳላሳጥር ልንገራችሁ። ወሬ ታንዛዛለች የምትሉኝ ካላችሁ ከአሁኑ ተነሡ።

ወርቅነሽ እባላለሁ። ሮም ዳር ላይ፣ ድሮ ቢሮ በነበረ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እኖራለሁ። እኛ «ፓላትሶው» ነው የምንለው። ባለቤቶቹ ጥለውት ሲሄዱ ቤት ያጣ ሐበሻ ሁሉ ገባበት። ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ጴንጤው አንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ይኖራል። እኔ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከነበረው ካምፕ ወጥቼ፣ ፔርሜሶዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በእጄ ይዤ፣ ማደሪያ ግን አጥቼ ስንከራተት ነው የደረስኩበት። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ አንዲት የሮም አሮጊት እጦራለሁ። አገር ቤት ግን በአንድ ከተማ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከተማዋ ነገ ስንት ሰው ይኖራታል፣ ስንት ውሃ ያስፈልጋታል እያልኩ ማሰብ ነበር እንጀራዬ።

ፓላትሶው ሲሠራ የታሰበው ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እጅ ለመታጠብና ለሽንት ቤት የሚሆን ውሃ ይበቃዋል ተብሎ የተዘረጋ ቧንቧ ነው። እኛ ግን ወጥ እንሠራለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ሕፃን እናጥባለን። ሰው እየጨመረ ሲሄድ ውሃው ቀነሰ። በመጨረሻ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ሲከፈት አየር ብቻ እያስነጠሰ ይወጣ ጀመር።

«ወርቄ፣ አንቺ የተማርሽበት ነው» ብለው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ከተሰጠኝ እንቅልፍ የለኝም። ቧንቧ ከፍቶ ሰሃን የሚያጥብ ሰው ካየሁ ከደረጃው ጫፍ «ዝጋው! ዝጊው!» እያልኩ እጮኻለሁ። የሕንፃው ልጆች በጣልያንኛ «ሲኞራ ኪዩዲ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እመቤት ዝጊው እንደማለት ነው። ይሁን፣ ከዚህ የባሰም ስም አለ።

ዕቅዴ ከባድ አልነበረም። ምድር ቤት ካለው ታንከር ጎን ሁለተኛ ታንከር እንጨምራለን፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚሄደውን ቧንቧ በሰፊ እንቀይራለን፤ እስከዚያ ድረስ ፎቅ በፎቅ በፈረቃ እንቀዳለን። ጣጣው የመጣው ከቁጥሩ ላይ ነው። በእኛ ሙያ ውሃ የሚታቀደው ዛሬ ላለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣውም ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ማን ሊመጣባችሁ ነው?» እያልኩ ጠየቅኩ። ሚስቱን ለማስመጣት ወረቀት አስገብቶ የሚጠብቅ አለ፣ እህቷ መንገድ ላይ ያለች አለች፣ እርጉዝ አለች። ሰዉ ግን ጥያቄዬን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ወሬም ይቀይርብኛል።

አቦይ ተስፋይ ጠርተው ገሠጹኝ። አቦይ የፓላትሶው ሽማግሌ ናቸው። አስመራ በአማርኛ ተምረው በወጣትነታቸው ሮም የገቡ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው። «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጓለይ፣ በሆድ ያለ ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ባሕር ላይ ያለ ሰው ይቆጠራል?»

«አቦይ፣ ካልቆጠርናቸው ሲመጡ ምን ይጠጣሉ?»

«ሲመጡ ይታያላ! ላም አለኝ በሰማይ አትሁኚ። ያልመጣን ሰው መቁጠር ሟርት ነው። ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ አቦይ» ብዬ ወጣሁ። ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም። ምክንያቱም እኔ ራሴ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ያልመጣ ሰው ቆጥሬ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ሳሚን። ሊቢያ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል «ወርቄ፣ ይህን ሰሞን እንገባለን» አለኝ፤ ጀልባ ላይ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። እኔ ግን ዕቅዴ ላይ ለሳሚ የሚሆን ውሃ አስቀምጬለታለሁ። የሚጠጣውን፣ የሚታጠብበትን፣ ያንን የሚገማ ካልሲውን የሚያጥብበትን ሳይቀር።

በዚህ መሃል ሌላ ነገር ተነሣ። «ሰው በቃ! ከዛሬ በኋላ አዲስ ሰው አይግባ፣ በሩ ይዘጋ» የሚሉ በዙ። ነገሩን የምትመራው ለተብርሃን ነበረች፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ። አልፈርድባትም። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በገዛችው ጄሪካን ከምድር ቤት ውሃ እየቀዳች፣ ሦስት ፎቅ ተሸክማ እየወጣች ነው ልጆቿን የምታጥበው።

«ክፉ ሆኜ አይደለም ወርቄ፤ ወገቤ ነው የተቆረጠው» አለችኝ። «በእንግዳ ላይ እንግዳ! ውሃችንን እየጠጡ የጨረሱት እነሱ ናቸው።»

«ወንድሜ ሲመጣስ? ከበር ልትመልሺው ነው?»

ጄሪካኗን አንሥታ ደረጃውን ወጣች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠርቶ በድምፅ ሊወሰን ሆነ። እኔም ከስብሰባው በፊት መስመሩን የሚያይ ኢድራውሊኮ፣ ያው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ይምጣ ብዬ አስወሰንኩ። ቅዳሜ መጣ፤ እኔ ግን አሮጊቷ ጋ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላገኘሁትም። ማታ ደክሞኝ ገብቼ ወደቅኩ።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። አቦይ ተስፋይ ቆመዋል። ነጠላ ለብሰዋል። ከኋላቸው ለተብርሃን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ አንድ የኮሚቴ አባል አንገቱን ደፍቶ። ማንም አይናገርም። አቦይ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ማለዳ፣ ሦስት ሰው፣ ነጠላ፣ ዝምታ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በሩን ይዤ ቀረሁ።

«ጓለይ» አሉ አቦይ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ቁጭ በይ።»

«አቦይ... ምንድነው?»

«ቁጭ በይ እንጂ። አሎራ፣ እንግዲህ... ትልቅ ፔርዲታ አለ።»

ፔርዲታ። ይህን ቃል የት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። የምጦራት አሮጊት ባሏ የሞተባት እኔ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጣልያን ሁሉ እጇን ይዞ «ስለ ፔርዲታው አዝናለሁ» ሲላት ሰማሁ። ማጣት፣ የሰው ማጣት ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ሌላ ትርጉም ይኑረው አይኑረው ጠይቄ አላውቅም።

«ሳሚዬን!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜን! ወንድሜን ባሕር በላብኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። መሬት ላይ ነበርኩ። ፀጉሬን እነጫለሁ። ለተብርሃን ከላዬ ወድቃ ትጮኻለች። አቦይ ግድግዳ ተደግፈው «ዋይ! ዋይ!» ይላሉ። በሮች ይከፈታሉ፣ ከላይም ከታችም እግር ይሮጣል። በአንድ አፍታ ክፍሌ ሞልቶ ሰዉ ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ ቆመ። ከምድር ቤት በላይ ባለው የመጀመሪያ ወለል የምትኖረው ሰናይት እንኳ፣ ትንሹን ልጇን አዝላ ትልቁን በእጇ እየጎተተች፣ በባዶ እግሯ ወጣች። «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ!» እያለች ትጸልይልኛለች።

የሐበሻ ለቅሶ መቼም ታውቁታላችሁ። አንዷ «ያ ደግ! ያ ሳቂታ!» እያለች ታለቅሳለች፤ ሳሚን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ሌላው ቁመቱን ያወሳል። ለተብርሃን እግሬን አቅፋ «ይቅር በይኝ! ለአንድ ጆግ ውሃ ብዬ በር ልዘጋበት ነበር! ይቅር በይኝ!» ትላለች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማኝ። «ቆጠርኩት፤ በገዛ እጄ ዕቅዱ ላይ ቆጠርኩት!» እላለሁ። ሟርት ነው ተብዬ ነበር፤ አልሰማም አልኩ። በላሁት።

ምን ያህል እንዳለቀስን እንጃ። ድምፄ ተዘግቶ ሲቃ ብቻ ሲቀረኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አቦይ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ ለተብርሃን ዘንበል አሉ።

«ለመሆኑ» አሏት በቀስታ፣ «ማን ነገራት?»

ለተብርሃን ቀና ብላ አየቻቸው። «እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ? እኔ ምኑን አውቄ?»

«አሁን በር ላይ... እርስዎ ነገሯት፣ እሷ ጮኸች...»

«እኔ የነገርኳት የቧንቧውን ነው!»

ደረጃው ላይ ያሉት ገና ያለቅሳሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግን ሁሉ ወደ አቦይ ዞረ።

«የምን ቧንቧ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«የውሃው ነዋ!» አሉ አቦይ፣ ዐይናቸው ፈጦ። «ትናንት ኢድራውሊኮው ሁሉንም ቧንቧ አዘግቶ ቆጣሪውን አየ። ቆጣሪው ዝም ብሎ ይዞራል። ግድግዳ ውስጥ ፈንድቷል፣ ትልቅ ፔርዲታ አለ አለኝ። ውሃው የሚፈስበት ቀዳዳ! ፔርዲታ! ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት ልንገራት ብዬ መጣሁ። አንቺ ስትጮኺ እኮ እኔ በስልክ ያረዱሽ መስሎኝ ነው!»

«ሳሚ... አልሞተም?»

«ስለ ሳሚ ማንም ምንም አላለም፣ ጓለይ!»

እንዴት ላስረዳችሁ? መጀመሪያ ክው ብዬ ቀረሁ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ።

«አቦይ! ለቧንቧ ነው በጎህ፣ በነጠላ፣ በሽማግሌ የሚመጣው?»

«ቅዱስ እስጢፋኖስ ልናስቀድስ እየሄድን ነው እኮ! ጃኬት ለብሼ ልሂድ?»

«ቁጭ በይ ያሉኝስ?»

«መቀመጥ የፈለግኩት እኔ ነበርኩ! ጉልበቴን አታውቂውም? ካልተቀመጥሽ እንዴት ልቀመጥ?»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። «ያ ሳቂታ!» ስትል የነበረችው ሴትዮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት የዚያን ቀን የእኛ ነገር ነው። እኔ ስስቅ ነው ስናደድ ነው ሳለቅስ ነው፣ አላውቀውም፤ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። አቦይ ራሴን ዳበስ አድርገው «አይዞሽ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አሉኝ።

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ ሕንፃው ተናወጠ።

እንደ መብረቅ ያለ ድምፅ አይደለም፤ ከሆድ የሚወጣ ከባድ ድምፅ ነበር። ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ አቧራ በደረጃው እየተትጎለጎለ ወደ ላይ መጣ። «ልጆች! ልጆቹን ቁጠሩ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የጮኹት አቦይ ተስፋይ ነበሩ።

ወረድን። የመጀመሪያው ወለል ኮሪደር በውሃና በጭቃ ተሞልቷል። የሰናይት ክፍል በር ከነመቃኑ ወጥቷል። ጣሪያው የለም። ለወራት ውሃ ሲጠጣ የከረመው የሸክላ ጣሪያ በሙሉ ወርዶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አልጋው ራሱ አይታይም፤ የብርድ ልብሱ ጫፍ ብቻ ከሸክላው ሥር ወጥቷል። ከላይ ከተቀደደው ቧንቧ ውሃው እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል።

ሰናይት ልጇን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። «እዚህ ነበርን» አለች። «እዚህ ተኝተን ነበር። ጩኸት ሰምቼ ነው የተነሣሁት።» ደግማ «እዚህ ነበርን» አለች። ማቆም አቃታት። ለተብርሃን ከጀርባዋ ሕፃኑን ፈታ ወሰደችው። አቦይ ነጠላቸውን አውልቀው ትልቁን ልጅ ጠቀለሉት። እኔ የዋናውን መስመር መዝጊያ ልዘጋ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ዝጎ አልዞር አለኝ፤ ሁለት ሰው አግዞኝ ነው የተዘጋው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ፖምፒዬሪዎቹ፣ መጡ። ክፍሉን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃቸው አቦይን ጠየቃቸው።

«እዚህ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም» አሉ አቦይ በጣልያንኛ።

«በእሑድ ጠዋት? ሁላችሁም የት ሄዳችሁ?»

«ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«አዝናለሁ። ማን ሞቶ ነው?»

አቦይ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሰውዬው። «ማንም» አሉ።

ሰውዬው እንደ እብድ ነው ያየን። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማየው።

ስብሰባው አልተሰረዘም፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። የተበላሸውን ክፍል አሽገውት ነበር፤ ሰናይትና ልጆቿን ለተብርሃን ክፍሏ አስገብታቸዋለች። በሩ ይዘጋ ስትል የነበረችው እሷ መጀመሪያ እጇን አወጣች።

«እኔ ብዙ አልናገርም» አለች። «እንግዳው ጠጣብን፣ እንግዳው ጨረሰብን ስል ነበር። ውሃችንን የጠጣው እንግዳው አይደለም፤ ግድግዳው ነው። በቃ።» ቁጭ አለች። ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ ነገሩ አለቀ።

ተራው የእኔ ሆነ። የውሃውን ዕቅድ አነበብኩ፤ ታንከሩን፣ ሰፊውን ቧንቧ፣ የሰዉን ቁጥር። ስጨርስ አቦይ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ምርኩዛቸውን አነሡ።

«አንድ ሰው ጎድሏል።»

«አልጎደለም፣ አቦይ።»

«ጎድሏል። ወንድምሽ የታል?»

አዎ፣ አውጥቼው ነበር። ጠዋት ለቅሶው ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በፍርሃት ሰርዤዋለሁ። ዳግመኛ ሰው ፊት እንዳላለቅስ መሬት መሬቱን እያየሁ መለስኩላቸው።

«ሟርት ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ ጠዋት ግን ማንም ሳያረዳን፣ ሳናጣራ፣ ከሞቱት ጋር ቆጠርነው። ያን ጊዜ ማናችንም ሟርት ነው አላልንም። ሰውን ከሙታን ለመቁጠር እንዲህ ከፈጠንን፣ ከሕያዋን መቁጠር ምን አስፈራን? ጻፊው። የሁሉንም የሚመጣ ሰው ጻፊ።»

ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ተናገረ። «የእኔ ሚስት።» «የእኔ እህት።» እርጉዟ ሆዷን ይዛ «የእኔም» አለች። ቤት ለቤት ስዞር ያላገኘሁትን በአንድ ከሰዓት አገኘሁት።

እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ የትም ሁኑ የት፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ዕቅድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ዕቅድ ማለት ሒሳብ ነው ብዬ ነው የተማርኩት። ያን ቀን የገባኝ ግን ሌላ ነው። ላልመጣ ሰው ውሃ ማስቀመጥ፣ ይመጣል ብሎ ማመን ነው። ማመን ደግሞ ያስፈራል፤ ካልመጣስ? ስለዚህ ነው ሐበሻ የማይቆጥረው እንጂ ባለማወቅ አይደለም። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ስቆጥር እፈራለሁ። እየፈራሁም ቢሆን እቆጥራለሁ።

ቧንቧው ተጠገነ፣ ሁለተኛው ታንከር ገባ፣ አራተኛ ፎቅ ውሃ ደረሰ። ከሳሚ ግን ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። አንድ ቀን በማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ ጀልባቸው ከባሕር ወደ ሊቢያ ተመልሳ ታስሮ ነበር፤ ስልኩንም ወስደውበታል። ለቅሶውን ስነግረው «ስንት ሰው መጣ?» አለኝ፣ አይ የሱ ነገር! ከዚያ እንደገና ዝም። እንደገና ጥበቃ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ወጥ ሳማስል ከኮሪደሩ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማማሰያዬ ከእጄ ወደቀ። እኔ ወደ በሩ ስሮጥ፣ ሊጠይቁኝ መጥተው የተቀመጡት አቦይ «ቤት ለእንግዳ!» ብለው መለሱልኝ።

ሳሚ ነው። ከስቷል። ጠቁሯል። አቅፌው ስጨርስ፣ ቁጭ በል ስለው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ከፈተው። በእፍኙ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ እንደገና ጠጣ። ከዚያ እጁን ከውሃው ሥር አድርጎ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ውሃው ይፈሳል፣ እሱ ያያል። አይዘጋውም።

አቦይ ወደ እኔ ዞረው በዐይናቸው ሳቁ።

«ሲኞራ ኪዩዲ፣ ዛሬ አትጮኺም?»

«ይፍሰስ፣ አቦይ» አልኩ። «ተቆጥሯል።»